ማንበቡንስ አነበበው፣ የቱን ይመን? ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ጽሑፍ እውቀት የሚለቅመው እንዴት ነው

ይህችን ዓረፍተ ነገር አንብቧት። «እንደ ጅቡቲ፣ በርበራና ዘርጋሞ ያሉ የወደብ ከተሞች ዘንድሮ ሥራ በዝቶባቸዋል።»

ዘርጋሞ ምንድን ናት? የወደብ ከተማ። ይህን ለማወቅ ካርታ አልዘረጋችሁም፤ ሰውም አልጠየቃችሁም። የት አገር እንዳለች እንኳ አታውቁም። ለነገሩ የትም የለችም፤ አሁን እዚህ አዳማ ቁጭ ብዬ የፈጠርኳት ናት። ግን «እንደ እነ እገሌ ያሉ» የሚለው አነጋገር ብቻውን በቂ ፍንጭ ሰጣችሁ።

ኮምፒውተርን አንብቦ እንዲያውቅ የማስተማሩ ሥራ ትልቅ እርምጃ የተራመደው በዚህች ትንሽ ነገር ነው። ማርቲ ኸርስት የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1992 አንድ ጥናት አወጣች። ኮምፒውተሩ የጽሑፉ ትርጉም ባይገባውም፣ እንዲህ ያሉ ጥቂት የአነጋገር ቅርጾችን ይዞ ብዙ ጽሑፍ ቢያስስ ማን ከማን ወገን እንደሆነ መልቀም እንደሚችል አሳየች። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህን ማስታወሻ ለምን እንዳስገባሁ ወደ ታች ይገባችኋል።) እሷ የሠራችው በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛም ግን ሞልቶታል፦ «እንደ ኑግ ያሉ»፣ «ሰሊጥና ሌሎች የቅባት እህሎች» እያልን የምንጽፈው ሁሉ ለማሽን ፍንጭ ነው።

ችግሩም አብሮ ተወለደ። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ማሽን ዘርጋሞን ከወደቦች ተራ ሊመዘግባት ይችላል። ቀጥዬ «የትም የለችም» ማለቴን ካላገናኘው አለቀ። ስለዚህ ከባዱ ነገር ማንበቡ እንዳይመስላችሁ። ያነበቡትን ማመን አለማመኑ ነው ራስ የሚያዞረው።

ቀድሞ የነበረው መንገድ ሰው እየጻፈ ማስገባት ነበር። ዳግላስ ሌናት በ1984 «ሳይክ» የተባለ ፕሮጀክት ጀመረ። ዓላማው ማንም ሰው የሚያውቀውን ተራ ነገር አንድ በአንድ ለኮምፒውተር መንገር ነው። እናት ከልጇ በዕድሜ ትበልጣለች። የሞተ ሰው ገበያ አይወጣም። ብርጭቆ ሲደፋ ውኃው ይፈሳል። ለአሥርተ ዓመታት ተጻፈ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር መረጃ ገባ። አላለቀም። የሚጽፈው ሰው ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል።

በ1998፣ ያው ከላሪ ፔጅ ጋር ጉግልን በመሠረቱበት ዓመት፣ ሰርጌ ብሪን ቀለል ያለች ዘዴ ይዞ መጣ። ለኮምፒውተሩ አምስት መጻሕፍትን ከነደራሲዎቻቸው ሰጠው። ኮምፒውተሩ እነዚያ ጥንዶች ድረ ገጽ ላይ እንዴት ጎን ለጎን እንደሚጻፉ አየ። ያንን ቅርጽ ይዞ አዳዲስ ጥንዶች ፈለገ። አዲሶቹ ደግሞ አዲስ ቅርጽ አሳዩት። እንዲህ እየዞረ ከ15,000 በላይ መጻሕፍት ሰበሰበ። ከአምስት ተነስቶ!

በእኛው ምሳሌ እንየው። «ኬንያ፣ ናይሮቢ» እና «ሱዳን፣ ካርቱም» ብለን ሰጠነው እንበል። ሄዶ «የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ» የሚል ያገኛል። «የእንትን ዋና ከተማ እንትን» የሚለውን ቅርጽ ይዞ ይወጣና ግብፅን ከካይሮ፣ ሶማሊያን ከሞቃዲሾ አጣምሮ ይመለሳል። ጎበዝ። ቀጥሎ ግን አንድ የቆየ ገጽ ላይ «የኦሮሚያ ዋና ከተማ አዳማ» የሚል ይገጥመዋል። ኦሮሚያ አገር ሆነች ማለት ነው። በሚቀጥለው ዙር ክልሎችን ይዞ ሲወጣ «የእንትን መቀመጫ እንትን» የሚል ቅርጽ ይማራል። ሲቀጥል «የቦሰት ወረዳ መቀመጫ ወለንጪቲ» ላይ ይደርሳል። በቃ፣ ቦሰት ባንዲራ ብቻ ቀርቷት ከነኬንያ ጎን ቁጭ ትላለች። የወለንጪቲ ሰዎች ቅር የሚላቸው አይመስለኝም።

አስተውሉ፤ ያነበበው ሁሉ ትክክል ነው። ማንም አልዋሸውም። አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ሳተ፣ ያቺ ስህተት ለሚቀጥለው ዙር ዘር ሆነች፣ ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው?

የዚህ ዓይነት መንሸራተት በጣም የታወቀው ታሪክ የኔል ነው። ኔል በአሜሪካ፣ ፒትስበርግ ከተማ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በቶም ሚቼል መሪነት የተሠራ ፕሮግራም ነው። በጃንዋሪ 2010 ኢንተርኔትን ቀን ከሌት እንዲያነብ ተለቀቀ። መነሻ እንዲሆነው በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘርፎች ተሰጡት፤ ከተማ፣ ስፖርተኛ፣ ኩባንያ፣ አትክልት፣ የመሳሰለው። ለእያንዳንዱ ዘርፍ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ምሳሌ። ከዚያ ራስህን ቻል ተባለ።

ከዘርፎቹ አንዱ ተጋግሮ የሚበላ ነገር ነበር። ዳቦ፣ ኬክ፣ ኩኪስ። እዚህ ድረስ ደህና። ግን ድረ ገጾች ኮምፒውተራችን ላይ የሚያስቀምጧት ትንሽ የማስታወሻ ፋይልም በእንግሊዝኛ ያው ኩኪ ነው የምትባለው። ኔል «የኢንተርኔት ኩኪስ» የሚል አነበበና ከዳቦና ከኬኩ ጋር ደረደረው። ቀጥሎ ሰዎች «ኩኪሶቼን አጠፋሁ» ብለው ሲጽፉ አየ። «ፋይሎቼን አጠፋሁ» ብለውም ሲጽፉ አየ። አነጋገሩ አንድ ነው። እናም የኮምፒውተር ፋይል ተጋግሮ የሚበላ ነገር ሆነ። ይሄኔ ሰው ገብቶ ማረም ግድ አለ።

እንዲህ ተሳሳተ ብለን ግን ኔልን አንናቀው። ከቀደሙት ሁሉ በላይ መጠርጠርን የተማረ እሱ ነው። ስላነበበ ብቻ አይቀበልም። አንዱ ክፍሉ በቃሉ ዙሪያ ያለውን አነጋገር ያያል። ሌላው የቃሉን የራሱን አሠራር፣ አጀማመሩንና አጨራረሱን ያያል። ሦስተኛው ድረ ገጾች ላይ ያሉ ሰንጠረዦችንና ዝርዝሮችን ይመረምራል። ለየብቻ አይተው ሲስማሙ እምነቱ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ አጥር አለ፦ አንድ ነገር ሰውም ከተማም ሊሆን አይችልም፤ ለክለብ የሚጫወት ነገር ስፖርተኛ መሆን አለበት። ተመራማሪዎቹ በ2018 ሲጽፉ 120 ሚሊዮን ያህል እምነቶች ሰብስቦ ነበር። እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚታመን የሚናገር ነጥብ አለው፤ ብዙዎቹም ገና ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ያሉ ነበሩ።

አጥሩ ምን እንደሚሠራ ለማየት የራሳችንን ከተማ እንስጠው። «አዳማ» የሚለውን ስም እየተከተለ የሚያነብ ማሽን ምን ምን ይገጥመዋል? «አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።» ከተማ። «አዳማ ትራኦሬ በቀኝ ክንፍ ገሰገሰ።» ሰው፣ ያውም ስፔናዊ ኳስ ተጫዋች። «አዳማ ሐዋሳን 2 ለ 1 ረታ።» ይሄኛውስ? ከተማ ከተማን አሸነፈ? አይ፣ ክለብ ነው። ስሙም ጭራሽ «አዳማ ከተማ» ነው፤ ማሽን ለማሳሳት ታስቦ የወጣ ይመስል። ኦሪት ዘፍጥረት ላይ ሲደርስ ደግሞ ከሰዶምና ከገሞራ ጋር አዳማ የምትባል ሌላ ከተማ አለች፤ እሷ ከነሱ ጋር ጠፍታለች። በሌላ በኩል ብዙ ሰው ዛሬም ከተማችንን «ናዝሬት» ይላታል። እስራኤል ውስጥ ያለችውም ናዝሬት ናት።

እኛ ይህን ሁሉ ሳናስበው እንለየዋለን። አጥር ያለው ማሽን ቢያንስ «ይሄ ነገር ሰውም ከተማም ሊሆን አይችልም፤ አንድ ስም የያዙ ሁለት ነገሮች ሳይኖሩ አይቀሩም» ብሎ ይጠረጥራል። አጥር የሌለው ሁሉንም አንድ ላይ ያቦካዋል።

ከስም የባሰው ጊዜ ነው። ቅድም «የቆየ ገጽ» ያልኩት አለምክንያት አይደለም። የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ በ2000 ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ተዛወረ፤ በ2005 ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። በመካከሉ «ዋና ከተማዋ አዳማ ናት» ብሎ የጻፈ ሰው ልክ ነበር። እንዲህ ያለ ገጽ ካልተነሳ ዛሬም ይነበባል፤ አዲሱም ይነበባል። የሕዝብ ብዛቱም እንደዚያው። በ1994ቱ ቆጠራ አዳማ 127,842 ሰው ነበራት፤ በ2007ቱ 220,212። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የዛሬዋን አዳማ ለጠየቀ ሰው ግን ሁለቱም አይሆኑም።

እኛ ጋ ደግሞ ዓመቱ ቢጻፍም አይገላግልም። ያ የ2007 ቆጠራ በአማርኛ ጽሑፍ «የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ» ነው። አንዱ ጋዜጣ «ዓ.ም.» ይላል። ሌላው «እ.ኤ.አ.» ይላል። ሦስተኛው «በ2007» ብሎ ዝም ይላል። ማሽኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይስታል፣ ማንም አያስተውልም። ሰዓቱም ያው ነው። «ባቡሩ አዳማ 4 ሰዓት ይገባል» የሚል ሲያነብ፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያደገ ማሽን የረፋዱን ባቡር ወደ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሊገፋው ይችላል።

ቋንቋው ራሱ የሚያመጣውም ፈተና አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ውጭ የሚጻፉ ማብራሪያዎች ይህን አይነኩትም።

ቀላሉ ፕሮግራም ቃልን ከቃል የሚለየው በክፍት ቦታ ነው። ለእሱ «አዳማ»፣ «ከአዳማ»፣ «ለአዳማ»፣ «የአዳማ»፣ «አዳማንም»፣ «በአዳማና» ስድስት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። «ታዲያ ከፊት የተለጠፉትን ቆርጦ መጣል ነዋ!» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ እንቁረጥ። «ከአዳማ» አዳማ ይሆናል፤ ጥሩ። «ከተማ» ግን «ተማ» ይሆናል። በቆጂ «ቆጂ» ትሆናለች፤ የነደራርቱ አገር ስሟን አጣች። አቶ ለማ «ማ» ሆነው ይቀራሉ። አቶ በቀለ «ቀለ»። የካ ክፍለ ከተማ «ካ»። የቱ ፊደል የስሙ አካል፣ የቱ ተለጣፊ እንደሆነ ለማወቅ ስሙን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙን ለማወቅ ደግሞ ነበር የጀመረው ማንበብ።

ፊደሉም አለ። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ፤ ሦስቱም አንዲት ከተማ ናቸው። «ፀሐይ»ን በ«ጸ» እና በ«ፀ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሀ» እና በ«ኀ» እያቀያየርን ብቻ ስድስት ዓይነት መጻፍ ይቻላል። ብዙ ፕሮግራመሮች ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ ጠቅልለው ይገላገላሉ። ሥራ ያቀላል፤ እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ግን ፀሐይ «ሠረቀች» ስንል ወጣች ለማለት ነው። «ሠ» ወደ «ሰ» ሲጠቀለል ፀሐይ ሌባ ሆና ታድራለች።

ወደ አሁኖቹ እንምጣ። ስልካችን ላይ የምናዋራቸው ኤአይዎች እንደ ኔል መዝገብ አይሞሉም። የሚሠለጥኑት በዋነኛነት በአንድ ጨዋታ ነው፦ ቀጣዩን ቃል ገምት። «በፍጥነት መንገዱ ከአዲስ አበባ ተነስተን የክፍያ ጣቢያውን አልፈን ምሳ ሰዓት ላይ...» ቀጥሎ ምን ይመጣል? «አዳማ ገባን» ነዋ። ይህን በደንብ ለመገመት መንገዱ የት እንደሚያደርስ መያዝ ያስፈልጋል። ማንም ቀጥታ አልነገረውም፤ ጨዋታውን ለማሸነፍ ሲል ያዘው። የጉግል ተመራማሪዎች በ2017 ያወጡት ትራንስፎርመር የተባለ አሠራር ነገሩን አፋጠነው። በእሱ እያንዳንዱ ቃል በዙሪያው ያሉትን ቃላት እያየ ይመዘናል። ከ«ትራኦሬ» ጎን ያለው አዳማ እና ከ«ወለንጪቲ» ጎን ያለችው አዳማ ማሽኑ ውስጥ የተለያየ መልክ ይይዛሉ። ኔል በአጥር የታገለለት ነገር እዚህ ከዐውዱ ይመጣል። ከነዚህ ኤአይዎች አንዱ፣ በ2020 የወጣው ጂፒቲ-3፣ በሥልጠና የሚስተካከሉ 175 ቢሊዮን ቁጥሮች ነበሩት። ያነበበው ሁሉ የሚቀመጠው በነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ተበትኖ ነው።

ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማር አንዲት የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ታዲያ የት እንዳነበበው ለምን አይነግረኝም?» አለችኝ። ጥያቄዋ ቦታውን የመታ ነው። አንድ አዲስ የባጃጅ ሹፌር አስቡ። ካርታ የሰጠው የለም። ከተማዋን የሚማረው ከተሳፋሪ አፍ ነው፤ «ፖስታ ቤት ሳትደርስ»፣ «ከፍራንኮ አለፍ ብለህ» ሲሉት። ውሎ አድሮ የማያውቀው መንደር አይኖርም። ይህን ሰፈር ከማን ሰማህ ብትሉት ግን አያስታውስም፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው። ኔል ለእያንዳንዱ መረጃ ከየት እንዳገኘው መዝግቦ ይይዝ ነበር። አዲሶቹ ይህን ጥለው ነው አንደበተ ርቱዕ የሆኑት።

ገደሉም እዚሁ ነው። ጨዋታው ክፍት ቦታ መሙላት ስለሆነ፣ ስለ አንድ ነገር ብዙ ባያነብም ቦታውን ይሞላዋል። በለሰለሰ አማርኛ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ብዙ በተጻፈበት ጉዳይ ግምቱ ከእውነቱ ጋር ይገጥማል። ትንሽ በተጻፈበት ጉዳይ አሳማኝ የሚመስል ፈጠራ ይወጣል። አማርኛ ደግሞ የተናጋሪው ብዛትና የድረ ገጽ ጽሑፉ ብዛት አይመጣጠኑም። ኮመን ክሮል የሚባለው ድርጅት ኢንተርኔትን እየዞረ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ገጾችን ያከማቻል፤ ብዙዎቹ ማሽኖች የሚሠለጥኑት ከዚያ እየተጨለፈ ነው። ከክምችቱ ከ40 በመቶ በላይ እንግሊዝኛ ነው። አማርኛ አንድ በመቶ አይሞላም፤ ወደዚያም አይጠጋም። የአማርኛው ዊኪፒዲያ 15,000 ገደማ ጽሑፎች አሉት፤ እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ።

ያለውም ሁሉ አይነበብም። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት ቁጥር የሚለዩበት ስምምነት ነው) የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ ሰው የሚጽፈው ፊደሉን እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ በሚያስቀምጡ ፕሮግራሞች፣ በነፓወር ግዕዝና በነቪዥዋል ግዕዝ ነበር። በነሱ የተጻፈ የቆየ ፒዲኤፍ ከፍታችሁ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጉና ሌላ ቦታ ለጥፉት። ዓይናችሁ ያየው አማርኛ ብዙ ጊዜ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ የሚያየው ያንን ቅልቅል ነው። በስካነር ምስል ሆኖ የተቀመጠው ሰነድ፣ ስክሪንሾት ተደርጎ ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ማስታወቂያ፣ ፖስተር ላይ የተጻፈው ሁሉ ከምስል ፊደል የሚያወጣ ሌላ ፕሮግራም ካልገባበት ለማሽኑ ፎቶ ነው።

ሌላም አለ። ሰው ድረ ገጽ ላይ የሚጽፈው ያልተለመደውን ነው። «ዛሬ በፍጥነት መንገዱ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች በሰላም ገቡ» የሚል ዜና አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ግጭት ሲኖር ግን ይጻፋል። ዜና ብቻ ያነበበ ማሽን መንገዱን የአደጋ ሰፈር አድርጎ ቢይዘው አይፈረድበትም። አዳማ ቀትር ላይ ጃኬት እንደማይለበስም ማንም ቁጭ ብሎ አይጽፍም፤ ሁላችንም የምናውቀው ስለሆነ።

አሁን አሁን ማሽኖቹ ከመመለሳቸው በፊት ድረ ገጽ ፈልገው እንዲያነቡና ምንጩን ከመልሱ ጋር እንዲያሳዩ እየተደረገ ነው። ለኔ ከሁሉ የተሻለው ለውጥ ይሄ ነው። የማመኑን ሥራ ግን በከፊል ወደ እኛ መልሶታል። ሊንኩን ስትከፍቱ መጀመሪያ ገጹ መቼ እንደተጻፈ እዩ፤ ቀጥሎ አቆጣጠሩ የቱ እንደሆነ። ከዚያ ያንኑ ነገር የሚል ሌላ ገጽ ፈልጉ፤ ግን ከመጀመሪያው ያልገለበጠ ይሁን። የአማርኛ ገጾች ላይ ይህ ችግር ጠንቷል፤ አንድ ዜና ከነፊደል ግድፈቱ አሥር ቦታ ይለጠፋል። አሥሩም ገጾች አንዱን ቃል በአንድ ዓይነት ከሳቱት ምንጩ አንድ ሰው ነው፤ ለማሽኑ ግን አሥር ምስክር መስሎ ይቆጠራል። አሠልጣኞቹ ከሥልጠና በፊት ተደጋጋሚ ገጾችን እያሰሱ የሚጥሉት አንድም ለዚህ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተቀይሮ የተለጠፈው ግን ብዙ ጊዜ ያመልጣቸዋል።